ቱተስ የምትባለው ወደብ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ትንፋሻችን እንደ ጭስ ከአፋችን እየወጣ እናቴና እኔ በር ላይ ቆመናል። እሷ ሹራብ ደርቢ ትለኛለች፣ እኔ እምቢ እላለሁ።

«እማዬ፣ የምሄደው እኮ ጅቡቲ ነው። ሰው በቁሙ ይቀቀላል ይላሉ።»

«ታዲያ እስክትቀቀይ ድረስ ደርቢያ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ባይመጣ ኖሮ እኔም እግሬ አይነሣም፣ እሷም እጄን አትለቅም ነበር። ወንድሜ ሻንጣዬን ተሸክሞ ወደ መናኸሪያ ሲመራኝ ዞር ብዬ አላየሁም። ዞር ካልኩ እመለሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።

ለምን ሄድሽ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ እናንተም ሳትሉ አትቀሩም። እውነቱን ልናገር፣ ረሃብ አላባረረኝም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ከባሌ ጋር ተፋታን፤ የተፋታነውም በሰላም ነው። ጣጣው ሰላሙ ነው! ተጣልተን ቢሆን ኖሮ አንነጋገርም ነበር። በሰላም ስለተፋታን ግን ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ማክሰኞ ታክሲ ውስጥ እየተገናኘን «እንዴት አደርሽ ወይንሸት?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ስንባባል ዓመት አለፈ። ልቤ ደከመ። ጅቡቲ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደውላ «እዚህ አንድ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ ደግ ሰዎች ናቸው» ስትለኝ በዚያው ሳምንት ፓስፖርት ላወጣ ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ ባቡር ተሳፈርኩ። በመስኮት መጀመሪያ ጤፍ አየሁ፣ ቀጥሎ ግራር፣ ቀጥሎ ግመል፣ ከዚያ ድንጋይ ብቻ። ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ስወርድ ፊቴን የመታኝን ወላፈን የባቡሩ ሞተር ትንፋሽ መስሎኝ ፈጠን ብዬ ራቅሁ። ራቅ ብልም ያው ነው። ጥጉ ድረስ ሄድኩ፣ ያው ነው። ለካስ አገሩ ነው።

የተቀጠርኩበት ቤት እመቤት ማዳም ሆዳን ትባላለች፤ ባሏ ወደብ ላይ ይሠራል። የአክስቴ ልጅ እንዳለችው ደጎች ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ግን አስራብኳቸው። ማታውኑ ማዳም «ቁርስ ሰባት ሰዓት ላይ» ብላኛለች፣ የአክስቴ ልጅ ናት ያስተረጎመችልኝ። እኔም፣ ምን ዓይነት አርፋጆች ናቸው፣ ቁርስ በሰባት ሰዓት ይበላል እንዴ እያልኩ ተኛሁ። ለካ የእነሱ ሰባት የእኛ አንድ ሰዓት ነው። ተጣጥቤ ስወጣ አምስት ሰው ባዶ ጠረጴዛ ከቦ ያየኛል።

ቀስ በቀስ ለመድኩ። ቀዝቃዛ የሚለው ቧንቧ በሰኔ እንደሚፈላ፣ ሞቅ ያለ ውኃ ከፈለግሁ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ትንሽ ማቆየት እንዳለብኝ ለመድኩ። ዳቦው እንደ ዱላ ረጅም ነው፤ ጠዋት ከገዛችሁት ለምሳ አይደርስም፣ ይደርቃል። የእኛ ድፎ ዳቦ ሳምንት ሲሰነብት ትዝ ይለኝና እገረማለሁ። በእነሱ አንድ ሰዓት፣ በእኛ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ያኔ ከተማው በሙሉ ክላክስ ይሆንና ወዲያው ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ጉዳይ ያለው ሰው ነገ ይምጣ። ፈረንሳይኛ የተማርኩት ከማዳም ጋር ኩሽና ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ሽንኩርት ከሆነ አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ ስለ ሌላ ነገር ከሆነ እየተንተባተብኩ ነው።

ሁለት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ የማዳም ባል ሥራ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ቤተሰቡ ሄደ። እየተላቀስን ተለያየን። እኔም ተመላላሽ ሆኜ ሁለት ቤት ልብስ ማጠብና መተኮስ ያዝኩና የራሴን ክፍል ፍለጋ ወጣሁ። አርሂባ ውስጥ፣ ከወደቡ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ማማ ፋጡማ የምትባል የአፋር ባልቴት አንድ ክፍል አከራየችኝ። አሳይታ ዘመዶች ስላሏት አማርኛ ትችላለች፤ ችሎታዋ ግን ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው። እኔ ለአክብሮት «እርስዎ፣ አንቱ» ስላት ግራና ቀኟን አየችና «ስንት ሰው ነኝ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ።

ክፍሉን ያሳየችኝ ቀን «ነፋስ ይገባል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ይገባል። በጣም ይገባል።»

«እሰይ!»

«አንተ ደስ አይበልህ። በሰኔ እሱን የሚዘጋልህ ሰው ትፈልጋለህ።»

እውነቷን ነበር። በዚያ ወር ከበረሃ የሚመጣው ነፋስ አሸዋ ይዞ ነው የሚገባው። ወጥ ስትሠሩ ክዳኑን ከከፈታችሁ ጨው መጨመር አያስፈልግም፣ አሸዋው ይበቃል።

እዚያ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ አርብ ጠዋት፣ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ የቤታችን ግድግዳ ተንቀጠቀጠ። ወጥቼ ሳይ በጠባቧ መንገዳችን ውስጥ አንድ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ገብቶ ቆሟል። ታርጋው የኢትዮጵያ ነው። ግራና ቀኙ ከግድግዳ ያለው ርቀት ክንድ አይሞላም። ሹፌሩ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ጠይም ሰው ነው፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ላቡን በፎጣ ይጠርጋል።

«እኅቴ! አማርኛ ትሰሚያለሽ?» አለኝ ነጠላዬን አይቶ።

«ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጋሼ።»

«ማርያም ትባርክሽ! እስቲ ንገሪኝ፣ ቱተስ የምትባለው ወደብ ገና ሩቅ ናት?»

«ማን?»

«ቱተስ። መግቢያው ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ አይደል፣ ‹ቱተስ ዳይሬክሽን› ይላል። ወደ ቱተስ አቅጣጫ ማለት ነው። እኔ ሞጆ ስነሣ ወደብ ነው ያሉኝ፣ ስሙን አልነገሩኝም። አዲሱ ወደብ ይሆናል ብዬ ቀስቱን ተከትዬ ገባሁ።»

የመንገዱ ጥግ ድረስ ሄጄ ሰሌዳውን አየሁት። ይህንኑ ጽሑፍ ከማዳም ሆዳን መኪና ውስጥ ሆኜ ከተማው ውስጥ አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ጋሼ፣ ‹ቱት ዲሬክሲዮን› ነው የሚባለው፤ ፈረንሳይኛ ነው። ወደ ሁሉም አቅጣጫ ማለት ነው።»

«ወደ ሁሉም? በአንድ ቀስት?»

«በአንድ ቀስት።»

ሰውዬው መሪው ላይ ግንባሩን ደፋና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው። «ቱተስን ስፈልግ» አለ፣ «አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ቀጥል ቀጥል ነው ያለኝ።»

ሳቁ ሲያልቅ ወደ ፊት ልሂድ አለ። እንዳይሄድ ደግሞ በመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ቀይ ክብ ውስጥ ነጭ መስመር ያለበት ሰሌዳ ቆሟል፣ መግባት ክልክል ነው ይላል። አንዱ ሰሌዳ ግባ ይላል፣ ሌላው አትለፍ ይላል፣ መሀል ላይ እኛ እንኖራለን። ማማ ፋጡማ ወጥታ ነገሩን አስረዳችን። ከዓመት በፊት ትልቁ መንገድ ሲቆፈር መኪናው ለጊዜው በዚህ በኩል ይለፍ ብለው ሰማያዊውን ተከሉ። ትልቁ መንገድ ተጠግኖ ሲያልቅ ሰሌዳውን ረስተው ሄዱ። ከዚያ ሌሎች ሰዎች መጡና፣ ይህ ጠባብ መንገድ ነው፣ በዚያኛው ጫፍ መኪና አይለፍበት ብለው ቀዩን ተከሉ። ሰማያዊውን የተከሉትን ሰዎች ያገኟቸው አይመስለኝም።

ማስወጣቱ የኔ ሥራ ሆነ። ከኋላ ቆሜ «ና፣ ና፣ ና፣ መሪ ወደ ግራ ስበር፣ በቃ፣ መልስ!» እያልኩ፣ ማማ ፋጡማ በአፋርኛ ሕፃናቱን እያባረረች፣ ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ምክር እየሰጠ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትልቁ መንገድ ላይ አወጣነው። ሰውዬው ወርዶ እጄን ጨበጠኝ። ስሙ ሙሉጌታ ነው። እንደዚያ በላብ ተጠምቆ ሳየው ዝም ብዬ መስደድ አቃተኝ። እናቴ የላከችልኝ ድርቆሽ ነበረኝ፤ በበርበሬና በዘይት ፍርፍር አድርጌ አቀረብኩለት። አንዴ ጎረሰና ቆመ። «ከጠዋት ጀምሮ ስፈልግ የነበረው ይህን ነው እንጂ ወደቡን አይደለም» አለኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ አፉ አያርፍም። በሳምንቱ ሌላ መኪና መጣ፤ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ «ወይንሸት አንቺ ነሽ?» አለኝ። ወደ ወደቡ አዘውትሮ የሚመላለሰው ሹፌር መንገዱን ስለሚያውቅ አይሳሳትም፤ አዲሱ ግን አንድ በአንድ ቱተስን ፍለጋ ይመጣልኛል። በሳምንት ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት። መርቼ አስወጣለሁ፣ አበላለሁ። እነሱም ሲመለሱ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ ያመጡልኛል። ከማማ ፋጡማ በር ጎን ገባ ባለችው ባዶ ቦታ ሸራ ወጠርኩ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኩ፣ የተመላላሽነቱን ሥራ ተውኩት። ማማ ፋጡማ ሰማያዊውን ሰሌዳ «ባልህ» ነው የምትለው። መኪና ሲመጣ ከውስጥ ሆና ትጣራለች፦ «ወይንሸት! ባልህ እንግዳ ላከልህ!»

ስድስት፣ ሰባት ወር እንዲህ ኖርኩ። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሰው ቤት ሳይሆን የራሴ ምጣድና የራሴ ወንበር ነበረኝ። ቀኑን ሙሉ አማርኛ እሰማለሁ፤ ደሴ ዘነበ፣ ሞጆ ላይ መንገድ ተዘጋ፣ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ረከሰ፣ ሁሉም እኔ ሸራ ሥር ይወራል። ሰሌዳው የተሳሳተ መሆኑን አውቃለሁ። እንደ ተሳሳተ ይቆይ ብዬ በአፌ አላልኩም፤ በልቤ ግን ብያለሁ።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ቢንያም የሚባል የአዳማ ልጅ፣ መንጃ ፈቃዱ ገና ያልተጨማደደ ወጣት ሹፌር፣ እንደ ሌሎቹ ገባ። እሳት ላይ ሽንኩርት ጥጄ ነበር። «ሁለት ደቂቃ ጠብቀኝ፣ እኔ እመራሃለሁ» አልኩት። ተራዬ ያልፍብኛል ብሎ አልጠበቀም። ብቻውን ወደ ኋላ ማስኬድ ጀመረ። ስፖኪዮው ያላሳየውን፣ የተሳቢው ጥግ ያዘው፤ የሐጂ ዑመርን ግድግዳ ከመሠረቱ ገፍቶ ጣለው።

ሐጂ ዑመር ፊት ለፊታችን የሚኖር፣ ወደብ ላይ ሸክም ሲያወርድ ያረጀ ሽማግሌ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ግቢው ውስጥ በዚያ ግድግዳ ጥላ ሥር፣ ነጭ የላስቲክ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አቧራው መሀል ሮጬ ስደርስ የወንበሩ አንድ እግር ከፍርስራሹ ሥር ብቅ ብሎ አየሁ። ስሙን እየጠራሁ ብሎኬቱን በእጄ መጫር ጀመርኩ፤ ቢንያምም ወርዶ አብሮኝ ይጭራል፣ ያለቅሳል። ማማ ፋጡማ እጄን ያዘችኝ። ቀና ስል ሐጂ ዑመር በራፉ ላይ ቆሟል፤ ለሶላት ሊታጠብ ገብቶ ኖሮ ፊቱ እርጥብ ነው። ወንበሩን አየው። ከዚያ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ወንበሬ ከእኔ ታናሽ ነበር፣ ቀደመኝ፣ አለ» አለችኝ ማማ ፋጡማ።

ሁሉም ሳቀ፣ ቢንያም እንኳ እያለቀሰ ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። ሽንኩርቴ አርሮ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ሽማግሌው ያን ቀን ውሃውን ትንሽ ዘግይቶ ቢቀዳ ኖሮ፣ እኔ እያወቅሁ ዝም ባልኩት ሰሌዳ ምክንያት፣ ዛሬ ቀብር ላይ ነበርን። ቢንያም ጭነቱን አራግፎ ተመለሰና ከጎረቤቶቻችን ጋር ግድግዳውን መልሶ ሠራ። ሐጂ ዑመርም ይቅር ብሎት ሻይ ጋበዘው። እኔን ግን ማንም ምንም ስላላለኝ ይቅር የሚለኝ ሰው አጣሁ።

በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ ማማ ፋጡማ ወዴት ነው አለችኝ።

«ሰሌዳውን ላስነሣ።»

«ከተነሣ ምን ትበላለህ?»

«እንጃ። ሐጂ ዑመር ግን ጥላው ሥር ይቀመጣል።»

ገብታ የራሷን ሽቶ አምጥታ ነጠላዬ ላይ ረጨችልኝ። «ቢሮ ነው የምትሄደው፣ ሽንኩርት ሽንኩርት አትሽተት» አለችኝ።

መንገዶችን የሚመለከተው ቢሮ መጀመሪያ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰው የትኛው ሰሌዳ ነው አለኝ። በኩሽና ፈረንሳይኛዬ አስረዳሁት፤ ሲያቅተኝ ከገበያ የቃረምኩትን ሶማሊኛ እየጨመርኩ።

«አርሂባ መግቢያ ላይ ያለው፣ ‹ወደ ሁሉም አቅጣጫ› የሚለው። አቅጣጫው ተሳስቷል።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማዳም፣ ‹ወደ ሁሉም አቅጣጫ› የሚል ሰሌዳ እንዴት አድርጎ ይሳሳታል? ትክክለኛውም አቅጣጫ እኮ ከሁሉም ውስጥ ነው።»

ሦስት መስኮት ዞሬ በመጨረሻ ፎቅ ላይ ሙሲዩ ሮብሌ ወደሚባል ወፍራም መነጽር ያደረገ ኃላፊ ላኩኝ። ፋይል አስመጣ፣ ገለበጠ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይህ ሰሌዳ የለም» አለኝ።

«አለ፣ ሙሲዩ። ዛሬ ጠዋት በአጠገቡ አልፌ ነው የመጣሁት።»

«ለጊዜው ተተክሎ ነበር። ጥገናው ሲያልቅ ተነሥቷል። ይኸው፣ ተፈርሞበታል።»

«እንግዲያው ከሌለ እኔ ልንቀለው?»

«በፍጹም! የቢሮው ንብረት ነው። ያስጠይቅዎታል።»

«የሌለው?»

መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። «ለመሆኑ እርስዎ ሹፌር ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«መኪና አለዎት?»

«የለኝም።»

«የፈረሰው ግድግዳ የእርስዎ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ሰሌዳው እርስዎን ምን ጎዳዎት?»

«እኔንማ ጠቀመኝ። መንገድ የጠፋባቸውን ሹፌሮች ምግብ እየሸጥኩላቸው ነው የምኖረው። ሰሌዳው ነው የሚያበላኝ።»

ሙሲዩ ሮብሌ መነጽሩን ሳያደርግ በባዶ ዓይኑ አየኝ። «እዚህ ወንበር ላይ ሸምግያለሁ» አለ። «የጎዳኝን አንሡልኝ ብሎ በየቀኑ ሰው ይመጣል። የጠቀመኝን አንሡልኝ ያለ ሰው ግን እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።» ሰዓቱን አየ፤ ጫት መግቢያው ተቃርቧል። «ነገ ጠዋት መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» ብሎ ተነሣ።

ይመጣል ብዬ አላመንኩም ነበር። መጣ። የመጣው ግን በሰሌዳው ነው። ትንሿን ነጭ መኪናውን እየነዳ ቀስቱን ተከትሎ ገባ፤ ቀዩ ምልክት ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ከኋላው አንድ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ገብቷል። ክላክስ ሰምቼ ስወጣ ኃላፊው መሪውን እንደጨበጠ በላብ ርሷል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሙሲዩ ሮብሌ። ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው?»

«አያሹፉ» አለኝ፣ ግን ከንፈሩ ሳይሸሽግ ፈገግ ብሏል።

«ማንም አያይም፣ ቀዩን ይለፉት።»

«እኔው ያስተከልኩትን ምልክት እኔው ልጣስ?»

ከባዱን መኪና በአማርኛ፣ እሱን በፈረንሳይኛ እየመራሁ ሁለቱንም ወደ ኋላ አስወጣኋቸው። ከዚያ ሸራው ሥር ከሹፌሩ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ፍርፍር በላ። በርበሬው ዓይኑን አስለቀሰው፤ ቢሆንም ሳህኑን አልመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ሠራተኞች መጡ። እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ማማ ፋጡማ በር ላይ ቁጭ ብላ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ሰማያዊው በቦታው ቆሟል፤ የነቀሉት ቀዩን ነው! በዚያው ዕለት የገባው ሹፌር የሚከለክለው ስላጣ ቀጥ ብሎ ነድቶ፣ በዚያኛው ጫፍ መንገድ ላይ የተተከለ የሠርግ ድንኳን አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰዎቹ ይቆጡኛል ሲል ጎትተው አስገብተው ሩዝና የፍየል ሥጋ አበሉት። ማታ ደውሎልኝ «እዚህ አገር ሰው ምን ያህል ደግ ነው፣ ቱተስ ድረስ ሳልደርስ ጠገብኩ» አለኝ። ለሙሲዩ ሮብሌ ደወልኩለት። በማግስቱ ራሱ ከሠራተኞቹ ጋር መጣ፤ ቀዩ ተመልሶ እስኪተከል፣ ሰማያዊው ተነቅሎ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። አንድ ሳምንት አንድም መኪና አልመጣም። ሁለት ሳምንት። በየጠዋቱ ከልማዴ የተነሣ ለስድስት ሰው እሠራና ለጎረቤት አድላለሁ። ሐጂ ዑመር በአዲሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሽሮ መውደድ ጀመረ። ማማ ፋጡማ «ባልህን ራስህ ቀበርክ፣ አሁን አትተክዝ» አለችኝ፤ ቀጥላ ግን «የዚህን ወር ኪራይ ሲኖርህ» ብላ ገባች። ሸራውን አጥፌ ተመልሼ ተመላላሽ ሆንኩ። ለሰው ልብስ ስተኩስ የማላውቀው ኀዘን ይመጣብኛል። ትክክል ነገር ሠርቼ እንደዚህ ይከፋኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቢከፋኝም ግን ሌሊት እተኛለሁ፤ ግድግዳ ሲፈርስ በሕልሜ ማየቴ ቀረ።

በወሩ አካባቢ ጋሽ ሙሉጌታ በእግሩ መጣ። መኪናውን ሹፌሮች ተራ በሚጠብቁበት በፒኬ ዱዝ አቁሞ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ እየጠየቀ። አግዳሚው ወንበር የነበረበትን ባዶ ቦታ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰሌዳውን ያስነሣሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ ጋሼ። ተቀየምከኝ?»

«ምን ያስቀይመኛል! ግን አንድ ነገር አላሰብሽም። ሰሌዳው ተነሣ እንጂ የኛ ሆድ መቼ ተነሣ? እዚያ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ተራ እየጠበቅን ብስኩት ነው የምንበላው። አንቺ እስክንጠፋ ለምን ትጠብቂያለሽ? ካለንበት ነይልን።»

ይኸው አሁን በሳምንት አራት ቀን ምግቤን በሁለት ትልልቅ ድስት አስሬ፣ ሚኒባሱ ሲነጥር በጉልበቴ ደግፌ፣ ፒኬ ዱዝ እወርዳለሁ። የተሳቢ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ሙቀቱ ይከብዳል፣ እግሬ ያብጣል፣ አንዳንድ ቀን ሁሉም ተራው ደርሶት ሄዶ ግማሹን ይዤ እመለሳለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ሳላስቀምጠው ያልቃል። ሹፌሮቹ የፈረንሳይኛውን ምልክት ሁሉ እየጠየቁ ስላስቸገሩኝ በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፍኩላቸው። የመጀመሪያው መስመር «ቱት ዲሬክሲዮን፦ ወደ ሁሉም አቅጣጫ። ከተማ አይደለም፣ ወደብም አይደለም» ይላል። በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ተቀባበሉት። ባለፈው የማላውቀው ሹፌር ያንኑ ወረቀት አውጥቶ «እኅቴ፣ ይህ ይጠቅምሻል» ብሎ አሳየኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ አላልኩትም፤ አመሰገንኩት።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት እናቴ ጋ ደወልኩ። እዚህ ጅቡቲ ነፋሱ በሩን እየደበደበ፣ አሸዋው በበሩ ሥር እየገባ ነው፤ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜያለሁ። ስለ ወንድሜ ልጅ፣ ስለ ላሟ፣ ማን እንዳገባ ነገረችኝ። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ለፋሲካ እሞክራለሁ፣ እማዬ።»

«ባለፈውም ለፋሲካ ነበር ያልሽኝ።»

ድንገት ከስልኩ ውስጥ ኃይለኛ ድምፅ መጣ፤ መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዝናብ ነዋ! ቆርቆሮውን ሊበሳው ነው። በረዶም አለው።»

«እማዬ፣ በሩን ክፈቺና ስልኩን ወደ ውጭ ያዢልኝ።»

«እብድ! ካርድሽ ያልቃል።»

«ይለቅ። ያዢልኝ።»

የበሩ ማጠፊያ ሲንቋረር ሰማሁ፤ ከዚያ ዝናቡ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ከጣሪያው ጠርዝ በርሜሉ ውስጥ ሲፈስስ፣ ጓሮው ውስጥ ዶሮ ስትጮህ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሰማሽ?» አለች እናቴ ከሩቅ።

«አልሰማሁም» አልኳት። «ትንሽ ቆዪ።»